መንገድ ሲዘጋ ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው ምን ይሁን? ከቆቦ በኩል ለመጣ ጥያቄ መልስ

የጠየቅሽውን መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው፣ ሌላ የሚያነብም ሰው እንዲገባው። አንቺ አዲስ አበባ ነሽ፣ እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው፣ ቆቦ ዙሪያ ገጠር ነው የሚኖሩት፣ ስኳር ካለባቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ተኩስ በተነሳ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፣ ጤና ጣቢያው "አልቋል" ይላል፣ ከዛ ቀይ መስቀል መጣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ገቡ ሲባል ትሰሚያለሽ ግን ለሳቸው የሚሆን ነገር አይመጣም። ጎረቤት የ12 ዓመት ልጅም አለ፣ እሱም ኢንሱሊን ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ "እርዳታው ለታጣቂ ቁስለኛ ነው እንጂ ለኛ አይደለም" ይባላል። እና እርዳታው ለማን ነው የሚመጣው፣ ሲመጣስ እንዴት እናገኘዋለን፣ እኛስ ምን እናድርግ፣ ኢንሱሊኑን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ብልክስ ነው ያልሽው፣ አይደል?

አብሽሪ እህቴ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ወሎ ውስጥ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሰርቻለሁ፣ ከዛ በኋላ የእርዳታ መድኃኒት ተቆጥሮ ተጭኖ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድበት ስራ ላይ ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ መጠን ጨምሪ ቀንሺ አልልሽም፣ ከመጋዘኑ በኩል ያየሁትን ግን በግልጽ እነግርሻለሁ።

በጦርነት ጊዜ የህክምና እርዳታ ሲታሰብ ቀድሞ የሚታሰበው የቆሰለ ሰው ነው፣ ቀጥሎ ምጥ የያዛት ሴት፣ ከዛ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ወባ፣ ምግብ አጥቶ የከሳ ህጻን። ይሄ ከክፋት የመጣ አይደለም፣ ደም የሚፈሰው ሰው ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ስለሆነ ነው። መድኃኒቱም አንድ በአንድ እየተለቀመ አይመጣም፣ ኪት ተብሎ ታሽጎ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ጊዜ ኪት ለ10,000 ሰው ለ3 ወር ተብሎ የተሰላ ነው፣ ለቁስለኛና ለቀዶ ህክምና ደግሞ ሌላ ኪት አለ። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ያለባቸው ሰዎች በየጦርነቱ እየተረሱ ስላስቸገረ ለነሱም ለብቻው ኪት ተዘጋጅቶላቸዋል፣ እሱም ለ10,000 ሰው ለ3 ወር ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። ችግሩ ይሄኛው ኪት ጠያቂ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም፣ ኢንሱሊኑ ደግሞ ከሌላው ተለይቶ በቅዝቃዜ ነው መጓዝ ያለበት። ክኒን የጫነ መኪና ኬላ ላይ 3 ቀን ቢያድር ክኒኑ ምንም አይሆንም፣ ኢንሱሊን ከሆነ ግን በረዶው ይቀልጣል፣ የሚረከበው ጤና ጣቢያም መብራት ከሌለው ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ሎጂስቲክሱ ላይ ያለው ሰው ምን ያደርጋል፣ "ኢንሱሊኑ በሚቀጥለው ዙር ይሂድ" ይላል። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ደግሞ አላህ ነው የሚያውቀው።

የመንግስቱን መስመርም እወቂው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየ2 ወሩ ሪፖርት ሞልቶ ነው፣ የሚመጣለት ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ነው፣ ለናንተ ደሴ ማለት ነው። አሰራሩ ቢበዛ የ4 ወር ክምችት እንዲኖረው፣ ከ2 ወር በታች እንዳይወርድ፣ 2 ሳምንት ሲቀረው ደግሞ አስቸኳይ ትእዛዝ እንዲያደርግ ነው። ሰላም ሲሆን እንኳን ይሄ በትክክል የሚሰራበት ቦታ ብዙ አይደለም፣ መንገድ፣ ስልክና ባንክ አንድ ላይ ሲዘጉማ 2 ሳምንት ማለት ምንም ነው። ቆቦ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በ2013 ክረምት፣ ከዛ በነሐሴ 2014 እንደገና፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም ከ2015 ክረምት ወዲህ ሌላ ግጭት። አንዱ ሳያልቅ አንዱ እየመጣ ነው መደርደሪያው የማይሞላው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፉ እሱ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከስኳር ታማሚዎች ይልቅ መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ የመቆየት የተሻለ እድል ነበራቸው። ምክንያቱም ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች በ6 ወር አንዴ እየመጡ የ6 ወር መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ የሚያደርግ አሰራር ነበር። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ ቤታቸው ነበር። የስኳርና የግፊት ታማሚ ግን ወር በወር ይመላለሳል፣ ተኩሱ የተነሳው ወሩ ሊያልቅ 4 ቀን ሲቀረው ከሆነ በእጁ ያለው የ4 ቀን ብቻ ነው። እርዳታ መጥቶ እስኪደራጅ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ለእናትሽ የሚያዋጣው እርዳታን መጠበቅ አይደለም፣ መንገድ ክፍት በሆነበት ሰሞን የ3 ወር መያዝ ነው። ለሐኪማቸው በግልጽ ንገሩት፣ "አካባቢው አይታመንም፣ የ3 ወር ይጻፍልን" በሉ። እምቢ የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። በነገራችን ላይ ተኩስ ከተጀመረ በኋላ ሄዶ የ6 ወር መግዛት ግን ከሌላው ታማሚ አፍ መንጠቅ ነው፣ በሰላሙ ቀን ቀስ እያሉ ማጠራቀም ነው ደጉ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 10 ሚሊ የሆነው ጠርሙስ 1000 ዩኒት ይይዛል። እናትሽ በቀን ለምሳሌ 30 ዩኒት የሚወጉ ከሆነ ወር ከ3 ቀን ይሄዳል፣ ግን የተከፈተ ጠርሙስ 4 ሳምንት ከሆነው ስለማይመከር በወር አንድ ጠርሙስ ብለሽ ያዢው፣ ሁለት ዓይነት የሚወጉ ከሆነ ከሁለቱም። ያልተከፈቱት የጊዜ ማብቂያቸው ሩቅ የሆነ ይሁኑ፣ ስትገዢ ቀኑን ሳታዪ አትቀበዪ። መርፌውን ሰው ይረሳዋል! ኢንሱሊኑ ኖሮ ስሪንጅ ያጣ ሰው ብዙ ነው፣ ለኢንሱሊን የሚሆነው፣ U-100 ተብሎ የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጪ፣ ጨርሶ ከሌላ ሰው ጋር መዋስ የለም።

"ፍሪጅ የለንም ምን ዋጋ አለው" ልትዪኝ ነው። ይሄ ፍርሃት ብዙ ሰው ኢንሱሊን ቤት እንዳያስቀምጥ አድርጎታል፣ ከሚገባው በላይ። ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይላል፣ ትክክል ነው፣ ፍሪጅ ካለ እሱ ነው የሚሻለው። ግን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ኬንያ ዳዳብ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ያለውን የቤት ሙቀት ለክተው፣ በዛ ሙቀት ማለትም ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ከፍ ዝቅ በሚል ሁኔታ ለ4 ሳምንት ኢንሱሊኑን ሲፈትሹት ጉልበቱ አልወረደም። ከዛ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. የኮክሬን (የጥናት ውጤቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት ነው) ግምገማ ወጣ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ 6 ወር፣ እስከ 37 ዲግሪ ባለ ቦታ ደግሞ 2 ወር መቆየት ይችላል ይላል። ደሴ፣ ላስታ፣ ደላንታ ያለ ሰው እኮ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ጨለማ ጥግ ላይ ቢያስቀምጠው ይበቃዋል። ቆቦ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ግን ቆላ ነው፣ እዛ የሸክላ ዘዴ ያስፈልጋል። ጠርሙሱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጎ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ፣ ማሰሮውን ትልቅ ገንቦ ወይ ሰፊ ሸክላ ውስጥ፣ በመሀከላቸው አሸዋ ሞልቶ ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ የአየሩ ደረቅነት በበዛ ቁጥር የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሰሞን ብዙ አይሰራም ግን ያኔ ሙቀቱም ይቀንሳል። ምድጃ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ስር፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ እንዳይሆን። ከሙቀት ይልቅ ኢንሱሊኑን ቶሎ የሚገድለው በረዶ መሆኑንም እወቂ፣ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሰራም፣ ይጣላል። የጠራው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ደብዛዛው ዓይነት ደግሞ እጅ ላይ ሲንከባለል ካልተቀላቀለና ቁርጥራጭ ካሳየ ወይ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ አይወጉት። ጊዜው ትንሽ ያለፈበት ብቻ ቢቀርና ሌላ ምንም ከሌለስ? በዛ ሰዓት ምንም ካለመውሰድ ይሻላል፣ ስኳራቸውን እየለኩ።

አሁን ስለ ልጁ ልናገር፣ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በዚህ እድሜ ኢንሱሊን ላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ጭራሽ ኢንሱሊን የማያመርት ነው። እናትሽ ኢንሱሊን ቢያጡ ስኳራቸው ይወጣል፣ ይጎዳሉ፣ ያ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ልጁ ግን በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆንና ይወድቃል። ምልክቱ ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ከዛ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ፣ አፉ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ መሽተት ነው። ሰው ወባ ነው ወይ ሆዱን ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች ባላችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ከሁለት አንዱ የግድ ካጠረበት ልጁ ይቅደም፣ እናትሽም ይሄን የሚቃወሙ አይመስለኝም። ግን የየራሳቸው ዓይነትና መጠን ይለያያል፣ የሱን ዶዝ ለሳቸው የሳቸውን ለሱ እንዳታደርጉ። "ምግብ ስለሌለ ኢንሱሊኑን ጭራሽ እንተወው" የሚለውም ለልጁ ገዳይ ነው፣ ይቀነሳል እንጂ አይቆምም።

ስንት ይቀነሳል? ይሄን አሁን፣ ስልክ በሚሰራበት ሰዓት፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ። በጦርነት ጊዜ ስኳር ታማሚን እንደ ስኳር መብዛት ሁሉ የሚያጠቃው ስኳር መውረድ ነው፣ ምክንያቱም እህሉ አልቆ በቀን አንዴ እየበሉ መርፌውን እንደ ድሮው ይወጋሉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ቶሎ 3 ወይ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማጠጣት፣ ማርም ይሆናል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው መድገም፣ ሲሻላቸው የሚበላ ነገር መስጠት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ወደ ጎን አስተኝቶ ወደ ህክምና መሮጥ ነው። ክኒን የሚወስዱ ዘመዶችም ካሉሽ፣ ዳኦኒል የሚባለውን ባዶ ሆድ አይውሰዱ፣ ሜትፎርሚን ደግሞ ተቅማጥና ትውከት ከያዛቸው እስኪሻላቸው ያቁሙ። ጾምን በተመለከተ የረመዳንም ሆነ የሁዳዴ፣ ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው በዚህ ሁኔታ ሳይማከር ባይጾም እላለሁ፣ ሼሁም ቄሱም ለታማሚ ይፈቅዳሉ።

የግፊት መድኃኒት ቀላል ነው፣ ክኒን ስለሆነ ፍሪጅ አይፈልግም፣ የ3 ወር ይዞ መቀመጥ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ግን በድንገት ማቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ደግሞ እንደ ፌኖባርቢታል ያለው ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ በጦርነት ጊዜ ለማጓጓዝ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፣ ቀድሞ ይታሰብበት።

"ለታጣቂ ነው እንጂ ለኛ አይደለም" የሚባለውን ሳልመልስ አላልፍም። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 የቆሰለና የታመመ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይታከም ይላል፣ የማን ወገን ነው ብሎ አይጠይቅም። ኢትዮጵያም የነዚህን ስምምነቶች የ1977 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። አንድ አልጋ ላይ ታጣቂ ቢተኛ ጎኑ ያለው አልጋ ላይ አርሶ አደር ይተኛል፣ የቀይ መስቀል መኪና ሁለቱንም ኬላ የሚያልፈው ሁለቱም ወገን "ይሄ ለማንም አያደላም" ብሎ ሲያምን ብቻ ነው። አንደኛው ወገን ካላመነ መኪናው ይቆማል፣ ያኔ የእናትሽ ኢንሱሊንም አብሮ ይቆማል። ህጉ ሁልጊዜ ይከበራል እያልኩሽ አይደለም፣ ወሎ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሽን ሆስፒታል ተመቷል፣ በዛው ዓመት የካቲት ላይ ኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል አምቡላንስም ተደብድቧል። በ2014 ደግሞ ደሴ ተይዛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትመለስ ሆስፒታሏ ተዘርፎና ተሰባብሮ ነው የተገኘው፣ በዛው ሰሞን ኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘርፎ ለከሱ ህጻናት የመጣ አልሚ ምግብ ሳይቀር ሄዷል። መጋዘን ሲዘረፍ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው፣ አንዴ በጠፋው እቃ፣ አንዴ ደግሞ የሚቀጥለውን የሚልከው ሰው ስለሚፈራ።

እርዳታው ሲመጣ እንዴት ታገኙታላችሁ ላልሽው፣ የእርዳታ ድርጅት በስም ዝርዝር ለየቤቱ ኢንሱሊን አያድልም፣ ጤና ተቋሙን ነው የሚደግፈው ወይ ሞባይል ቲም (ተንቀሳቃሽ የህክምና ቡድን) ይልካል። ድርጅቱ "ስንት የስኳር ታማሚ አላችሁ?" ብሎ ወረዳ ጤና ጽህፈት ቤቱን ሲጠይቅ መልሱ የሚመጣው ከጤና ጣቢያው መዝገብ ነው። እናትሽ ክትትላቸው ወልድያ ሆስፒታል ብቻ ከሆነ የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ጭራሽ አያውቃቸውም፣ ስለዚህ ጥያቄው ላይ አይቆጠሩም። ነገ ሄደው እዛም ይመዝገቡ፣ ልጁም እንደዛው። ከቻላችሁ ደግሞ በቅሬያችሁ (በእድራችሁ) በኩል አድርጉት፣ የቅሬው ዳኛ በቀበሌው ኢንሱሊን ላይ ያለው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡሯ ማን እንደሆነ ዝርዝር ይዞ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ቢሰጥ፣ ሞባይል ቲም ሲመጣ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው። እኔ የማውቀው ኢንሱሊን በጥያቄ የደረሰባቸው ቦታዎች እንደዚህ ስም ዝርዝር ቀድሞ የተዘጋጀባቸው ናቸው። ቅሬው ቃሬዛና ተሸካሚ ጎረምሳም አለው፣ ስልክ ካለ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደወላል፣ ስልክ ከሌለ በየትኛው መንገድ ወደየትኛው ጤና ተቋም እንደምትወስዷቸው ከአሁኑ ተነጋገሩ።

መጨረሻ ላይ "በአውቶቡስ ብልክስ" ያልሽው ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ግን እሽግ ላይ ነው። በረዶ የሆነ ሃይላንድ አጠገብ ጠርሙሱን በቀጥታ ካደረግሽው ይረጋል፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑን መጀመሪያ በፎጣ ጠቅልዪ፣ ከዛ ካርቶን፣ ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ሃይላንድ ጎኑ። ሹፌሩ ሞተሩ ጋ ወይ መስታወት ስር እንዳያደርገው ንገሪው። የአንድ ሰው የ3 ወር ያህል ብቻ ላኪ፣ ካርቶን ሙሉ መድኃኒትና መርፌ ኬላ ላይ ጥያቄ ያመጣል፣ ማህተም ያለበት የሐኪም ማዘዣ ኮፒ በስማቸው አብሮ ይሂድ፣ የሹፌሩም ስልክ ይኑርሽ።

አሁን የሚወጉትን ዓይነት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም እንዳለ፣ ጠዋትና ማታ ስንት ዩኒት እንደሆነ፣ የሚወስዱት ክኒን ካለም ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ስንት ጠርሙስና ስንት ስሪንጅ እንደሚያስፈልግ አስልቼ እልክልሻለሁ። የልጁንም ቤተሰቡን ጠይቀሽ አብረሽ ላኪው።